መስታወት ያጠብኩበት መስከረም

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ምሳ ጋብዛኝ ሰላጣው ላይ አቼቶ ስታፈስ፣ ሌላው ሰው ሰላጣ ሲሸተው እኔን ኮልፌ ሸተተኝ። ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ የነበረው የጋሽ ሽብሩ ጊቢ፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ፋኖስ፣ በሳህን ውስጥ የተዘፈዘፈው መስታወት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ልጅቷ «ምነው አክስቴ፣ ጎመዘዘሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ጨምሪበት» አልኳት። አላውቅም፣ አልቻልኩም፣ አልተስማማኝም ማለት ድሮም አልለመደብኝም። ይህ ጠባዬ ብዙ ቦታ አድርሶኛል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረሰኝ ግን ወደዚያ መስከረም ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

እኔና እማዬ ከጋሽ ሽብሩ ጊቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እማዬ ጠዋት ወጥታ ፒያሳ አንድ ልብስ ቤት ስትሰፋ ትውላለች። እኔ ስሜ ሙሉነሽ ቢሆንም ጋሽ ሽብሩ «ወይዘሮ ሙሉ» ይሉኝ ነበር፤ አነጋገሬ የትልቅ ሰው ነው ብለው። እኔም ስድብ መሆኑ ሳይገባኝ እኮራበት ነበር።

ጋሽ ሽብሩ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው አንድ ጀርመን መሐንዲስ ቤት ሲያገለግሉ ነው ያደጉት። መሐንዲሱ ወደ አገሩ ሲገባ ሁለት ነገር ትቶላቸው ሄደ፤ አንድ ካሜራና እስከ ዐሥር የሚያስቆጥር ጀርመንኛ። በሁለቱም እንጀራቸውን በሉ።

ካሜራዋ ስትታጠፍ ከእማዬ ዳዊት ብዙም አትበልጥም፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰች፣ ጥግ ጥጓ የተላጠ ሳጥን ነበረች። ጋሽ ሽብሩ በአውራ ጣታቸው ጎኗን ጫን ሲያደርጉ ክዳኗ ወደ ፊት ወርዶ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ከዚያ ሌንሷን ይዘው በሐዲዷ ላይ ሳብ ሲያደርጉ፣ ከኋላዋ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቆዳ ተከትሎ ይወጣል። ቆዳው እጥፋቱ ላይ ስለሚበሳ፣ ቀዳዳ መፈለግ የኔ ሥራ ነበር። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ካሜራዋን ወደ ፀሐይ አዙሬ ውስጧን አያለሁ፤ ብርሃን የምታሾልክ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ካገኘሁ «እዚህ ጋ!» ብዬ እጮኻለሁ። ጋሽ ሽብሩም በጥቁር ቀለም የነከሩትን የቆዳ ቁራጭ በማጣበቂያ ይለጥፉባታል። አንድም ቀዳዳ አምልጦኝ አያውቅም። ይህን ስል አልኮራም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሰው ፎቶ ለመነሳት የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ነጭ አንሶላ ከግድግዳው ላይ ተወጥሮ፣ ወንበር ከፊቱ ተቀምጦ፣ ሰዎቹ ተኮሳትረው ይቀመጣሉ። ያኔ ፎቶ ላይ መሳቅ የቀልደኛ ሥራ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ከኋላ በኩል ባለው ብርሃን አሳላፊ መስታወት ላይ ምስሉን ያስተካክላሉ። ምስሉ እዚያ ተገልብጦ ስለሚታይ፣ አንድ ጊዜ አስጠግተውኝ እማዬን በጭንቅላቷ ቆማ አይቻት ጮኼ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊልም ፈንታ የሚያገለግለውን፣ መድኃኒት የተቀባ መስታወት ከነብረት ኪሱ ከኋላ ይሰኩና «እንዳትተነፍሱ» ብለው ይቆጥራሉ፤ «አይንስ… ስቫይ… ድራይ…»።

እኔ ከዚህ ተነስቼ ካሜራዋ አማርኛ እንደማትሰማ ደመደምኩ። ማንም በሌለበት ጠጋ ብዬ «ደህና ዋልሽ?» ብያት ዝም አለችኝ። ልክ ነኝ አልኩ።

ከፎቶው በኋላ ያለው ሥራ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በቀይ ጨርቅ በተሸፈነ ፋኖስ ነው። ውሃ ከቦኖ የማመጣው እኔ ስለሆንኩ በሩን ዘግቼ ጥግ ላይ ቆሜ ማየት ይፈቀድልኝ ነበር። መስታወቱ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ መሐል ላይ ያለው ሳህን ውስጥ አቼቶ በውሃ ተበርዞ አለ፤ ጋሽ ሽብሩ የከተማውን መድኃኒት ሲያጡ በወጥ ቤት ነገር ይጠቀሙ ነበር። በመጨረሻ መስታወቱ ታጥቦ ሲወጣ ሰውየው ነጠላው ጥቁር፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ ከሰል ሆኖ ይታያል። ከዚያ መስታወቱን በወረቀት ላይ አስተኝተው ፀሐይ ያሳዩትና ከወረቀቱ ላይ ትክክለኛው ሰው ይወጣል። ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መስታወቱ ይቀራል።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ ወረቀቱ ወጡ ነው፤ መስታወቱ ደግሞ ወጡ የተሠራበት ጥላሸታም ድስት። ወጡ ከወጣ በኋላ ድስት ይታጠባል።

እንዲያ ብዬ ለማሰብ ምክንያት ነበረኝ። ፒያሳ ያሉት ፎቶ ቤቶች ወደ ፊልም ከዞሩ ቆይተዋል፤ ጋሽ ሽብሩ ግን ካሜራዋ የምትበላው መስታወት ብቻ ነውና በመስታወት ጸኑ። የተበላሸውን መስታወት በሙቅ ውሃ ያጥቡትና መስኮት ለሌለው ጎረቤት ይሰጣሉ። በኛ ሰፈር በመዳፍ መዳፍ መስታወት የተለበጠ መስኮት ያየ ሰው፣ አንዷ መዳፍ የጋሽ ሽብሩ አንድ ስህተት መሆኗን ይወቅ። ራሳቸውም «ሰፈሩ ብርሃን ያገኘው እኔ እየተሳሳትኩ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

የእኛ መስኮት ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ካርቶን ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ካርቶኑ ይርስና እንደ ቆጮ ይለሰልሳል። እማዬ ከሥራ ስትመጣ በኩራዝ ነው የምትሰፋልኝ። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ ጋሽ ሽብሩን «እባክዎ ጋሼ፣ ስድስት መስታወት ቢያገኙልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም «መስታወት ሞልቷል፣ አጣቢ ነው ያጣሁት» ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ!»

አልችልም ነበር። የኔታ ዘንድ ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በስንደዶ እየጠቆምኩ በዜማ እወርደዋለሁ፤ እንዲያውም ከልጆቹ ሁሉ ድምፄ ጎልቶ ይሰማል። ነገር ግን አንዷን ፊደል ከመደዳዋ ነጥሎ «ይቺ ማናት?» ለሚለኝ መልስ አልነበረኝም። በቃል የሚወጣውን ከሚያውቀው የሚለየው አቡጊዳ ነው፤ እኔ ደግሞ አቡጊዳ ሳልደርስ ሳል ይዞኝ ቀረሁ። ሳሉ ለቀቀኝ፤ እኔም ጨርሻለሁ ብዬ አወራሁ።

ጋሽ ሽብሩ «እስቲ» አሉኝ። ሀ ሁ ሂ ብዬ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። «ጎሽ!» አሉ። የሚያስተምራቸው አጥተው በጎልማሳነታቸው በራሳቸው የተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ ያነበበ ሰው ሲያዩ ደስታቸው ልክ የለውም።

ለመስቀል ጋሽ ሽብሩ አገራቸው ይገባሉ፤ ሰማይ ቢደፋ አይቀሩም። በዚያ ዓመት ቀደም ብለው፣ አዲስ ዓመት በገባ በማግስቱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት የእንጨት ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። በውስጡ መስታወቶቹ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ በየወረቀቱም ላይ በእርሳስ ተጽፏል።

«ስም ያለበት የሰው ነው፤ እንዳትነኪው» አሉኝ። «ተበላሽቷል የሚለውን ብቻ እጠቢ። ስድስት ይበቃል።»

«ይገባኛል ጋሼ።»

«አንብበሽ ነው እንግዲህ።»

«ኧረ ይሂዱ!» አልኳቸው።

ሄዱ። እኔ ሳጥኑን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ወረቀቶቹን አየሁ። የጋሽ ሽብሩ ጽሕፈት ጉንዳን ሲሰለፍ ነው የሚመስለው። የማውቃቸው ፊደላት እዚያ እንዳሉ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ከመደዳቸው ወጥተው ተበታትነዋልና ማንነታቸውን አልነግር አሉኝ። ጎረቤት ሄዶ ማስነበብ ነበር። ያን ባደርግ ግን የኔታ ዘንድ ጨርሻለሁ ብዬ ያወራሁት ሁሉ ሊታወቅብኝ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ መስታወቱን ጠየቅኩ። አንድ በአንድ ፈትቼ ወደ ሰማይ አነሣኋቸው። ገሚሶቹ ሣሣ ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነበሩ፤ ገሚሶቹ ጥቁር፣ ወፍራም። ቆሻሻ የበዛበት የተበላሸው ነው ብዬ ፈረድኩ፤ ከጥቁሮቹም የባሱትን ስድስት መረጥኩ።

ውሃ አፈላሁ፣ አመድ ጨመርኩ፣ እንዶድ ወቅጬ አረፋ አስነሣሁ። መስታወቱን ስነክረው መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ከጠርዙ በኩል እንደ ወተት ስልባቦት ሸብሸብ ይላል፤ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ እንደ ቆዳ ተንሸራቶ ይወርዳል። አይኑም፣ አፍንጫውም፣ ነጩ ፀጉርም ባኞው ውስጥ ትንሽ ተንሳፍፎ ይሟሟል። ደስ የሚል ሥራ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጎ የተሳካልኝ እጥበት የለም። ስድስቱንም እስኪያብረቀርቁ ወልውዬ በጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው፤ ወረቀቶቹን ባዷቸውን ጠቅልዬ ወደ ሳጥኑ መለስኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው።

እሑድ እማዬ ስቱኮ ገዝታ መጣች። ሦስቱን ከላይ፣ ሦስቱን ከታች አድርገን የጫማ ካርቶን ክዳን የምታህለውን መስኮታችንን ዘጋናት። ጠዋት ስነቃ ብርሃኑ ከነሙቀቱ አልጋችን ላይ ተኝቶ አገኘሁት። እማዬ ወደ ሥራ ሳትወጣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ «ልጄ አይን ሰጠችኝ» እያለች ሰፋች። ኩራቴን የምይዝበት አልነበረኝም።

ጋሽ ሽብሩ መስቀልን ውለው ሲመለሱ መስኮቱን በጣታቸው ጠረግ አድርገው «ወይዘሮ ሙሉ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ሳጥኑን ሳይከፍቱ ወደ ቦታው መለሱት።

ጥቅምት ገባ፤ ብርዱም አብሮት። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች መጡ። እትዬ ዘነበች ጎጃም ተወልደው ኮልፌ ያረጁ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ግርማ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ሄዶ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሬሳ ስላልመጣ ለቅሶው ላይ ከፍ ብሎ የተያዘው ከመሄዱ በፊት ጋሽ ሽብሩ ያነሱት ፎቶ ነው፤ የተለቀሰውም ለሱ ነው። ከዚያ በኋላ እናትየው ፎቶውን ጠዋት ማታ ሲስሙት፣ እንባውም ሲነካው፣ ዓመት ሳይሞላው የወረቀቱ ፊት ጠፋ። መለዮው አለ፣ ቁልፎቹ አሉ፤ ከአንገት በላይ ነጭ ነው።

«ሽብሩ ወንድሜ» አሉ፣ ያንን ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው፤ «ሙት ዓመቱ ሳምንት ቀረው። ሌላ አድርግልኝ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው። ትናንት አገጩን አስቤ አጣሁት።»

«በቀላሉ ነዋ!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «የግርማን መስታወት መቼም አልጥለው። እንደሱ ያለ ሙሉ፣ ጥቁር፣ ያማረ መስታወት በዕድሜዬ ሁለት አላወጣሁም።»

ጥቁር ሲሉ የመረጥኳቸው ስድስቱ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ሽብሩ ገቡ፤ ቆዩ። ወረቀት ሲኮረፈድ ይሰማኛል። ሲወጡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። መጀመሪያ መስኮታችንን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ዘነበች ዞሩ።

«ዘነበች፣ መስታወቱ ተበላሽቶብኛል።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ።»

እትዬ ዘነበች አልጮሁም። የጊቢው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ያንድ ልጄን ቀብር አላየሁም ብዬ ሳዝን፣ አንተ አሳየኸኝ» አሏቸው። ሲነሱ ግን ረገሟቸው፤ አይንህ ይጥፋ፣ እጅህ የነካው አይቁም አሉ። ጋሽ ሽብሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር።

ወሬው በጉልቱ ዞረ። የሟች መልክ ያጠፋ ፎቶ አንሺ ዘንድ ማን ይቀመጣል? በሚቀጥለው እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በሩን አልፎ ሄደ። ነጩ አንሶላ ተወጥሮ ዋለ። ወደ ማታ ጋሽ ሽብሩ አንሶላውን አወረዱ፤ ካሜራዋን ሐዲዷ ላይ ገፍተው፣ ክዳኗን ከፍ አድርገው አጠፏት። ሲዘጋ ድምፁ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ወረቀት ይዘው መጥተው በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። ጉንዳኖቹ ቆሙ። «ሀ…» አልኩ፤ «ሁ…»።

«ግርማ ይላል» አሉኝ።

ቢገርፉኝ እንዴት ደስ ባለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እፍረት ጆሮ ላይ እንደሚያቃጥል ያወቅኩትም ያኔ ነው።

«ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«የእናት እርግማን ከባድ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ አትችለውም። እኔ እችላለሁ» አሉኝና ገቡ።

ሌሊቱን አሰብኩበት ብል ውሸት ነው፤ ድብን ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ግን እማዬ እንደወጣች ቀጥ ብዬ ወደ ጉልት ወጣሁ። ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠው ሽንኩርት እየከመሩ ነበር። እትዬ ዘነበች ፊት ቆምኩና፣ ድምፄ መቼም ድሮም ትንሽ አይደለ፣ ጉልቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«እትዬ ዘነበች፣ ግርማን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሽብሩ ስም ያለበትን አትንኪ ብለውኝ ነበር። ማንበብ እችላለሁ ብዬ ዋሸሁ። አልችልም። በሙቅ ውሃና በእንዶድ አጠብኩት። እሳቸውን ይተዉአቸው፤ እኔን ይርገሙኝ።»

አንዷ ሴት «ወይ ጉድ! እንዲያ ያለውን ሰው ነው እኛ…» ብላ አፏን ያዘች። እትዬ ዘነበች ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነው።

«ውሃውን የት ደፋሽው?»

«ምን?»

«ያጠብሽበትን ውሃ። የት ደፋሽው?»

«ጊቢያችን ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር።»

«መንገድ ላይ አይደለማ? ሰው አልረገጠውም?»

«ኧረ አልረገጠውም፤ እማዬ ትሙት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መስታወቱስ?»

«መስኮታችን ላይ ነው።»

ሽንኩርታቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ተነሡ። ሲራመዱ እጄን ያዙ፤ እንደ ጥፋተኛ ጎትተው አልነበረም፤ ቁልቁለቱን ለመውረድ እንደሚደገፉበት ሰው ያዙኝ። እሱ ነው የባሰ ያስለቀሰኝ።

ጋሽ ሽብሩ በረንዳው ላይ ሆነው ሲያዩን ተነሥተው ቆሙ። እትዬ ዘነበች በቀጥታ ወደ መስኮታችን ሄዱ። ስድስቱ መስታወቶች የጠዋት ፀሐይ አርፎባቸው ነበር። ሁሉም እኩል ናቸው፣ ሁሉም ንጹሕ። እናትየው ከአንዷ ወደ አንዷ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደኔ ዝቅ አሉ።

«የትኛዋ ናት?»

አላውቅም ነበር። ስድስቱን ባንድ ባኞ ነክሬ፣ ባንድ ጨርቅ ወልውዬ፣ እማዬ እንደመጣላት ነው የደረደረቻቸው። ጋሽ ሽብሩ አዩኝ። እሳቸውም እንደማላውቅ ያውቃሉ። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ አበቃ፤ አልተናገሩም።

የሴትዮዋን አይን አየሁት። አላውቅም ብላቸው ግርማ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞት ነው።

«ይቺ ናት» አልኩ፤ ከላይ ካሉት መሐለኛዋን በጣቴ ነክቼ።

«አትሳሳቺም?»

«አልሳሳትም።»

ጋሽ ሽብሩ ገብተው ቢላዋ ይዘው መጡ። ስቱኮውን በዙሪያዋ ቀስ እያሉ ፈለፈሉት፤ እጃቸው ጨቅላ እንደሚቀበል ሰው እጅ ተጠንቅቆ ነበር። መስታወቷ ወጣች፤ በቀዳዳው የጥቅምት ነፋስ ወደ ክፍላችን ገባ። እትዬ ዘነበች በሁለት መዳፋቸው ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። ወደ ብርሃን አንሥተው አዩባት፤ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ፣ አጥሩና ሰማዩ ነው የሚታየው። ዝቅ አደረጓትና ወደኔ ዘወር አሉ።

«የግርማ ራስ በየት በኩል ነበር?»

ጋሽ ሽብሩ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«በዚህ በኩል» አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች መስታወቷን እኔ ባሳየኋቸው በኩል ቀና አደረጓት፤ ከዚያ ከላይ፣ ግንባር በሚሆንበት ቦታ ላይ ሳሙት።